ብርዕና እርሳስ፤ የቁም ጽሕፈታችን ጌጥ ወደ ማተሚያ ቤት እንዴት እንደ ተሻገረ

በምሥራቅ ጎጃም፥ በብቸናና በሞጣ በኩል፥ መርጡለ ማርያም የምትባል ጥንታዊት ደብር እንዳለች አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። አበው ጥንተ ምሥረታዋን ለአብርሃና ለአጽብሐ ዘመን ይሰጣሉ፤ ዛሬ ፍራሹ የሚታየውን የተጠረበ ድንጋይ ሕንፃ ግን ያሠሩት ንግሥት እሌኒ እንደ ሆኑ ታሪክ ይመሰክራል፤ እኒህም አፄ ልብነ ድንግል በ1508 ገና ልጅ ሳሉ በነገሡ ጊዜ መንግሥቱን በሞግዚትነት የጠበቁት ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የአገራችን አቆጣጠር ነው ካላልሁ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሕንፃው በግራኝ ጦርነት ጠፋ፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን እንደ ገና አነሡት፤ ቻርልስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ መንገደኛም በ1842 መጥቶ የፍራሹን መልክ ተመልክቶ፥ ያየውን ጽፎ በ1847 አሳተመ። ከድንጋዩ ጌጥ የቱ የእሌኒ፥ የቱም ከኋላ የመጣ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይከራከራሉ። እኔ ግን ወደ ክርክሩ አልገባም። ለዓይኔ የሚታየኝ፥ በዚያ ድንጋይ ላይ ያለው ጽጌና ሐረግ በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ ከሚሣለው ሐረግ ጋራ ዘመዳሞች መሆናቸው ነው። ንግሥቲቱም ድንጋይ ብቻ የሚያስጠርቡ አልነበሩም፤ ሁለት መጻሕፍት እንደ ደረሱ በዚያው ዘመን የነበረው ፖርቱጋላዊ ዳሚያን ደ ጎይስ ጽፏል።

እንግዲህ እሌኒ በጎጃም ይህን ሥራ ሲያሠሩ፥ በዚያው ዘመን በሮም ከተማ አንድ ሌላ ቀራጭ ተቀምጦ የግዕዝን ፊደል በብረት ላይ ይቀርጽ ነበር። የመርጡለ ማርያም ጠራቢ የሚቀርጸውን ያውቅ ነበር፤ የሮሙ ቀራጭ ግን የሚቀርጸውን ማንበብ አይችልም። በዚህ ጽሑፍ ልናገር ያሰብሁት ነገር ከዚህ ይነሣል፤ ይኸውም የፊደላችን ውበት ከብርዕ ወደ እርሳስ፥ ከእርሳስም ወደ ኮምፒዩተር በተሻገረ ጊዜ ሁሉ፥ ሥራው የተቃናው ንባቡን የሚያውቅ ሰው ከቀራጩ አጠገብ በተቀመጠ ጊዜ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

አስቀድመን ግን ብርዑ ራሱ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ቁም ጸሐፊ ሥራውን የሚጀምረው ከፊደል አይደለም፤ ከቆዳ ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፥ ተፍቆና ደርቆ ብራና ይሆናል። ብራናው በልክ ተቈርጦ ይታጠፋል፤ ዳርና ዳሩ በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ቀለም የሌለው መስመር በወስፌው ጫፍ ይሰመርበታል። ያ መስመር በሩቅ አይታይም፤ ነገር ግን የገጹን ሥርዓት ሁሉ የሚይዘው እርሱ ነው። ብርዑ ከመቃ ወይም ከሸንበቆ ተቀርጾ፥ ጫፉ ጠፍጠፍ ተደርጎ ይሰነጠቃል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይበጃል፤ ቀዩም ለአርእስት፥ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፥ መጽሐፉንም ላስጻፈው ሰው ስም ይጠበቃል።

የፊደላችን መልክ የተወለደው ከዚህ ጠፍጣፋ ጫፍ ነው። ብርዑ ወደ ታች ሲወርድ መስመሩ ይወፍራል፤ ወደ ጐን ሲሄድ ይቀጥናል፤ የፊደሉም እግር በመሬት ላይ እንደ ቆመ ዓምድ ጽኑ ሆኖ ያርፋል። ይህ መልክ በየዘመኑ ተለዋውጧል። በጎንደር ዘመን ታላቁና ግርማ ያለው ጽሕፈት ጉልሕ፥ ደቃቁና ጥንቃቄ የሚፈልገው ደግሞ ረቂቅ ተባለ። ጉልሑ በሩቅ ቆሞ ለሚያነብ ካህን ይመቻል፤ ረቂቁ ብዙ ንባብ በጥቂት ብራና ላይ ያኖራል። ሁለቱም ግን ቁም ጽሕፈት ናቸው፤ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ፊደሉ የቆመ ነው፥ አያዘነብልም፥ ከጎረቤቱም ጋራ አይያያዝም። ለደብዳቤ የሚሆን ፈጠን ያለ የእጅ ጽሕፈት ነበረን፥ ዛሬም አለን፤ ነገር ግን ለክብር ሲሆን ብርዑ ወደ ቁሙ ይመለሳል።

በዚህ ነገር እኛና አውሮፓውያን ተለያየን። በእነርሱ ዘንድ ለክብር ወረቀት፥ ለሰርግ ጥሪ፥ ለምስክር ወረቀትም የሚመረጠው ያዘነበለና የተያያዘ፥ ጭራው እንደ ሐረግ የሚጠመዘዝ ጽሕፈት ነው። ሮበርት ግራንዦን የተባለ ፈረንሳዊ የፊደል ቀራጭ በ1557 በሊዮን ከተማ የአገሩን የእጅ ጽሕፈት የሚመስል የእርሳስ ፊደል አወጣ፤ ከእርሱም ወዲህ ብዙዎች ተከተሉት፤ ጀርመናዊው ሄርማን ዛፕፍ በ1998 ለኮምፒዩተር ያወጣው ዛፕፊኖ የተባለው ፊደል የዚሁ ዘር ነው። ያማረ ሥራ ነው፤ ማንም ቢያየው አይክደውም። የላቲን ፊደል ጭራ ቢጨመርበት፥ እግሩ ቢረዝም፥ ራሱም ቢጠመዘዝ ስሙ አይለወጥምና ጸሐፊው እንደ ወደደ ሊጫወትበት ይችላል።

በእኛ ፊደል ግን ጭራ ንባብ ነው። ግዕዙን «በ» እንውሰድ። በወገቡ ላይ በስተቀኝ ጭረት ቢወጣለት «ቡ» ይሆናል፤ ጭረቱ ወደ እግሩ ቢወርድ «ቢ» ይሆናል፤ የግራ እግሩ ቢያጥር «ባ»፥ በእግሩ ሥር ቀለበት ቢገባ «ቤ»፥ የቀኝ እግሩ ቢያጥር «ቦ» ነው። እንግዲህ የላቲኑ ጸሐፊ ለጌጥ የሚጠቀምበት ቦታ ሁሉ በእኛ ዘንድ አስቀድሞ ተይዟል። «ቤተ እግዚአብሔር» ብሎ የሚጽፍ ሰው በ«ተ» ወገብ ላይ አንዲት ጭረት ለማማር ቢጨምር «ቤቱ» ይሆንበታል፤ ያችን ጭረት ጠምዝዞ ወደ እግሩ ቢያወርዳት ደግሞ «ቤቴ» ይሆናል፤ የእግዚአብሔርም ቤት በአንዲት ጭራ የጸሐፊው ቤት ሆነ ማለት ነው! ፊደሉን ከልኩ በላይ ማዘንበልም እንዲሁ ነው፤ የእግሮቹ ርዝመት በዓይን ካልተለየ «ባ» እና «ቦ» ይቀላቀላሉ።

ስለዚህ አባቶቻችን ጌጡን በፊደሉ ጭራ ላይ አላኖሩትም። ያኖሩት በመስመሩ ውፍረትና ቅጥነት፥ በፊደልና በፊደል መካከል ባለው እኩል ባዶ ቦታ፥ በቀዩ ቀለም፥ በገጹም ራስጌ ባለው ሐረግ ላይ ነው። የሠለጠነ ጸሐፊ የጻፈውን ዳዊት ገልጦ ያየ ሰው ይህን ያስተውላል፤ አንድ ፊደል ብቻውን ተለይቶ «እዩኝ» አይልም፤ ገጹ በሙሉ ግን ያምራል። ይህ እንግዲህ በእርሳስ ፊደል ሥራ ላይ ምን እንዳመጣ እንመልከት።

በሮም፥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ፥ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት የሚያድሩ የኢትዮጵያ መነኰሳት ነበሩ። የኮሎኝ ሰው ዮሐንስ ፖትከን በ1511 እነርሱ ሲዘምሩ ሰማ፤ ቋንቋውን ባያውቅም በዜማው መካከል የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ለየ። ከዚያ በኋላ ልቡ ዕረፍት አላገኘም። ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የተባሉት መነኵሴ አስተማሩት፤ በ1513ም መዝሙረ ዳዊት ከጸሎተ ነቢያትና ከመኃልየ መኃልይ ጋራ በዚልበር ማተሚያ ቤት፥ በጥቁርና በቀይ ቀለም ታተመ። በፊደላችን የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ መጥራቱ ስሕተት ነበር፤ ቀዩን ቀለም አለመተዉ ግን ሊመሰገን ይገባዋል፤ ገጹን ለቀዩ ሁለተኛ መጫን ድካምና ወጪ ነውና።

የድካሙን መጠን ለመረዳት የእርሳስ ፊደል እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያሻል። ቀራጩ እያንዳንዱን ፊደል በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ገልብጦ ይቀርጸዋል፤ ያንን ብረት በመዳብ ቁራጭ ላይ በመዶሻ መትቶ መልኩን ያሳርፋል፤ በመዳቡ ጉድጓድ ውስጥ የቀለጠ እርሳስ ሲፈስስ ፊደሉ ይወጣል። ለላቲን ታላላቁና ታናናሹ ፊደል ተደምሮ ሃምሳ ያህል ቅርጽ ነው። ለግዕዝ ግን ሃያ ስድስቱ በሰባት ሲባዛ 182፥ ዲቃላዎቹ 20፥ አኃዙም 20 ነውና ነጥቦቹን ሳንቈጥር 222 ቅርጽ ይሆናል። በአማርኛ የተጨመሩት ሰባቱ ከነእርባታቸው ሲገቡበት 271 ይደርሳል። ንባቡን የማያውቅ ቀራጭ በዚህ ሁሉ ብዛት መካከል «ቡ»ንና «ቢ»ን የሚለየውን የጭረት ቦታ በምን ያውቀዋል? መንገዱ አንድ ነው፤ አጠገቡ ተቀምጦ «ይህ ወረደ፥ ይህ ረዘመ» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

ይህን ሥራ ከሠሩት አባቶች ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰቡት የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። የግራኝ ጦርነት አገሪቱን ባቃጠለ ዘመን በሮም ሆነው፥ ከሁለት ወንድሞች ጋራ፥ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በ1548ና በ1549 አሳተሙ። ያን ጊዜ በአገር ቤት ስንት ወንጌልና ስንት ዳዊት በእሳት እንደ ጠፋ የሚያስብ ሰው፥ የዚህን መጽሐፍ ዋጋ ያውቀዋል። ለግብረ ሐዋርያት እንኳ የተሟላ መጽሐፍ አላገኙምና የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ ተርጕመው ሞሉት። በመጽሐፉም ላይ አንባቢውን ይቅርታ ይለምናሉ፤ አታሚዎቹ ማንበብ፥ እነርሱም ማተም የማያውቁ ስለ ነበሩ፥ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ እየተደጋገፉ እንደ ሠሩ ይናገራሉ። በእኔ አስተያየት ከፊደል ታሪካችን ሁሉ ከዚህ ይልቅ ልብ የሚነካ ቃል የለም። ስሕተቱን ለመደበቅ አልወደዱም፤ ሥራውንም ስሕተት ይገኝበታል ብለው አልተዉትም።

መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ነገሩ ተሻሻለ። ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ በ1649 በሮም ከአባ ጎርጎርዮስ ጋራ ተገናኘ፤ እኒህም በአማራ አገር የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ከተማ ሄደው፥ ከሉዶልፍ ጋራ በአንድ ገበታ ተቀምጠው ግዕዝንና አማርኛን አስተማሩት። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በባሕር ላይ መርከብ ሰጥሞ ሞቱ። የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 በለንደን ሲታተም እርሱ በቦታው አልነበረምና በሥራው አልተደሰተም፤ ኋላ ግን ሁለቱንም አርሞ፥ በ1698ም የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፥ በ1701 ደግሞ መዝሙረ ዳዊትን በፍራንክፈርት አሳተመ። በ1698ቱ መጽሐፍ የአማርኛ ሰዋስው ለመጀመሪያ ጊዜ በእርሳስ ታተመ፤ «ሸ»፥ «ቸ»፥ «ኘ»ና ወንድሞቻቸውም በአንድ የአውሮፓ ማተሚያ ቤት ሳጥን ውስጥ ቦታ አገኙ። መጽሐፎቹ የሉዶልፍን ስም ይዘዋል፤ ነገር ግን ፊደሉን እንዲያይ ዓይኑን ያሠለጠኑት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ።

ጎጃምም በዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። በጎጃም የተወለዱት አባ አብርሃም፥ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ አቡ ሩሚ የሚባሉት፥ ብዙ አገር ዞረው በመጨረሻ ወደ ካይሮ ወረዱ፤ ከ1808 እስከ 1818 ድረስ ከፈረንሳዊው አስለን ደ ሸርቪል ጋራ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሱት። የጻፉት በእጃቸው ነው፤ ገጹም 9,539 ነው። ይህን ቍጥር አንባቢ በቀስታ ይመልከተው፤ በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሳያርፉ ቢጽፉ እንኳ በየቀኑ ከሁለት ገጽ በላይ ይደርሳል። የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1820 ጽሑፉን ገዛው፤ ወንጌላቱ በ1824፥ ሐዲስ ኪዳን በ1829፥ መጽሐፉም በሙሉ በ1840 በለንደን ወጣ። አባ አብርሃም ግን ከዚያ አስቀድመው በካይሮ ሞተዋልና አንድም የታተመ ገጽ አላዩም። ከለንደኑ ቀራጭ አጠገብም የሚቀመጥ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። የዚያን ዘመን የለንደን ፊደል ከአንድ ጥሩ የጎጃም ብራና ጋራ ያስተያየ ሰው ልዩነቱን ለማየት ሊቅ መሆን አያሻውም፤ ፊደሉ ይነበባል፥ ስሕተትም አይባልም፤ ነገር ግን ደረቅ ነው፥ የብርዑ ውፍረትና ቅጥነት በሚገባ አልገባበትም። ዓይናችን ግን ለመደው፤ ብዙ ሰውም የታተመ ፊደል ማለት እንዲህ ያለው ነው ብሎ አደገ።

በአካባቢያችን የማተሚያ መኪና መጀመሪያ የቆመው በምጽዋ በ1863 ነው፤ ያቆመውም ቢያንኬሪ የተባለ የላዛሪስት ሚሲዮን ካህን ነበር። በአዲስ አበባ ግን በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ እንኳ ብርዕ ገና አልተሸነፈም። ግሪካዊው እንድርያስ ካቫዲያስ ያወጣው፥ ዳግማዊ ምኒልክ «አእምሮ» ብለው የሰየሙት ጋዜጣ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ይወጣ ነበር። በኋላ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን በ1914 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር አቋቋሙ፤ በስሙ የተጠራውም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። እርሳሱ ከውጭ የመጣ ቢሆንም ፊደሉን የሚለቅመው፥ ማረሚያውንም የሚያነበው ከቅኔ ቤትና ከመጻሕፍት ቤት የወጣ ሰው ሆነ። ከአባ ተስፋ ጽዮን ዘመን ጀምሮ በሁለት ሰው ተከፍሎ የኖረው ዕውቀት በአንድ ሰው ላይ ተገናኘ።

ስለ ጽሕፈት መኪና በአጭሩ አልፋለሁ። ከኢጣሊያ ወረራ በፊት መሐንዲስ አያና ብሩ ለአማርኛ ጽሕፈት መኪና የደከሙት ድካም ታላቅ ነው፤ ከሁለት መቶ በላይ የሆነውን ፊደል በጥቂት መምቻ ላይ ለማኖር ጭረቱንና ቀለበቱን ከፊደሉ አካል ለይተው ለብቻው እንዲመታ አደረጉ። ለቢሮ ሥራ ጠቀመ። ለውበት ግን አልሆነም፤ በመኪናው ሥርዓት ቀጭኑ «ነ»ም ሰፊው «ጠ»ም እኩል ቦታ ይሰጣቸዋልና፥ የጸሐፊው እኩል ባዶ ቦታ የሚባለው ጥበብ ከዚያ ቀረ።

ኮምፒዩተር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ፊደል መቅረጽ ብረትም መዶሻም የማይፈልግ ሥራ ሆኗል። በ1980ዎቹ ዶክተር አበራ ሞላን የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን በዚህ ደከሙ፤ በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ሁሉ የፊደል መዝገብ ገባ፤ በ2007 ከወጣው ከማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቪስታ ጋራም ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፊደል አብሮ መጣ። አቢሲኒካ የተባለውም ፊደል የብርዑን ልማድ ለመከተል ታስቦ የተሠራ ነው። ስለ ቁም ጽሕፈት በደከሙት በይግዙ ብሥራት ስም የተሰየሙ ፊደላትም ይገኛሉ። እነዚህን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ሠሪዎቹ ወደ ብርዕ ተመልሰው እንደ ተመለከቱ ይታወቃልና።

ነገር ግን ሌላም ዓይነት ሥራ በዝቷል፤ ዝም ልል አልወደድሁም። የሰርግ መጥሪያ፥ የምረቃ ወረቀት፥ የበዓል ሰንደቅ፥ አንዳንድ ጊዜም የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ እንኳ፥ የላቲኑን ያዘነበለ ጌጠኛ ፊደል በሚመስል ግዕዝ ሲጻፍ እናያለን። ሠሪው የላቲኑን ጭራ አይቶ ወደደው፤ ያንኑ ጭራ ወስዶ በ«ለ» እግር ላይ ቀጠለው። «ቃለ» የነበረውን አንዱ «ቃሊ»፥ ሌላው «ቃሌ» ብሎ ያነበዋል። ሽማግሌ ካህን ወረቀቱን ከዓይኑ አርቆ፥ መልሶም አቅርቦ ሲያየው ጥፋቱ የዓይኑ ይመስለዋል። የዓይኑ አይደለም። ጥፋቱ ከፊደሉ አጠገብ ንባብ የሚያውቅ ሰው አለመቀመጡ ነው፤ በ1824 በለንደን የሆነው ዛሬ በአገራችን መካከል ሲደገም ግን ምክንያት የለውም። ለለንደን ሰው ጎጃም ሩቅ ነበረች፤ ለእኛ ግን ደብረ ወርቅም ዲማም መርጡለ ማርያምም በመኪና የሚደረስባቸው ናቸው። የጌጥ ፊደል ሊያወጣ የሚወድ ጐልማሳ ከአንድ ብራና ጸሐፊ ዘንድ አንድ ክረምት ቢቀመጥ፥ ብርዑ «ሠ»ን ሲጽፍ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፥ ጉልሑም ከረቂቁ የሚለየው በመጠን ብቻ እንዳልሆነ ይማራል። ጌጥ ከፈለገም ጉልሑ ራሱ ይበቃዋል፤ ቀዩን ቀለም ይጨምርበት፥ በራስጌውም ሐረግ ይሥራበት።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ግን ድጓው ነው። አባ ተስፋ ጽዮን በሮም ሐዲስ ኪዳንን ሲያሳትሙ፥ በዚያው በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩት ትውፊታችን ይናገራል። በድጓ ገጽ ላይ ጸሐፊው ሁለት ጽሕፈት ይጽፋል፤ በታች ንባቡን፥ በላዩም በመስመሮቹ መካከል እጅግ ደቃቅ የሆኑ ፊደላትንና ነጥቦችን። ምልክቱ ከሚገዛው ፊደል ራስ ላይ ጥቂት ቢያልፍ ዜማው ይሳሳታል። ይህን በእርሳስ ለመሥራት ለቃሚው በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሌላ የደቃቅ ፊደል መስመር አሰልፎ፥ ባዶውን ቦታ በእርሳስ ቁራጭ መሙላት ይኖርበታል። በፎቶግራፍ ማተም ከመጣ በኋላ ግን እርሳሱ ከመካከል ወጣ፤ ጸሐፊው በእጁ የጻፈው ገጽ እንዳለ ሊታተም ተቻለ።

በ2005 ከዜማው ምልክቶች ዐሥሩ፥ ይኸውም ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ አጭር ርክርክ፥ ድፋት፥ ቅናት፥ ጭረት፥ ሂደት፥ ደረትና ሂደት በአንድነት፥ ቍርጥም፥ በዩኒኮድ መዝገብ ገቡ። የፊደል ምልክቶቹ፥ ከንባቡ ተቀንሰው በደቃቅ የሚጻፉት፥ ከእነዚህ ዐሥር እጅግ ይበዛሉ፤ እያንዳንዳቸውም ከየትኛው ፊደል ራስ ላይ እንደሚያርፉ መዝገቡ አይናገርም። ያን የሚያውቀው በድጓ ቤት ያደገ፥ ብርዕም የያዘ ሰው ነው፤ ፊደል ቀራጩም ለድጓ የሚሆን ፊደል ሲሠራ አጠገቡ ሊያስቀምጠው የሚገባው እርሱን ነው።